የዋንዛ ኮምፒውተር

ከቂጦ በር ማዶ፣ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ፣ ሦስት ክረምት ሳልደክም፣
በሰው ማሽን ቆሜ፣ የሰው መመረቂያ ስጠርዝ፣ ሳትም፤
(ደክሞኛል። ቤት እንዲመታ ብዬ ነው።)
ያ በእግሩ ይሄዳል የሚሉት እንቁላል
እኔ ጋ ሲደርስ ያነክስ ነበር።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ ሃያ ሁለት ሺህ ብር።
ከሥሩ አሰመርኩ፣ በቀይ፣ ማንም እንዳይሻገር።
ከዚያ ስረዛ መጣ።
አዲስ ፕሮሰሰር፦ ተሰረዘ።
ስምንት ጊጋ ራም ሲደመር ስምንት፦ ሁለተኛው ስምንት ተሰረዘ።
መስታወት ያለው ሳጥን፣ ፋኖቹ ቀለም የሚቀያይሩ፦
እሱን ስሰርዝ እጄ ዘገየ፤
በሕልሜ ሰማያዊ ነበር።

ሂርማታ ገበያ ዳር ከቢሮ የተሰናበተ ዴል አገኘሁ፣
የንብረት ቁጥሩ እንደ ክትባት ጠባሳ ጎኑ ላይ የቀረ።
ብከፍተው የአሥር ዓመት አቧራ፣
መሃሉ ላይ አንዲት የደረቀች በረሮ፣
እግሯን ሰብስባ፣ እንደ ድሮ ሒሳብ ሹም
ያልመጣ ደመወዝ የምትጠብቅ።

ግራፊክስ ካርዱ ከአዲስ አበባ ተጫነ፣ ያገለገለ፣
በሕፃን ፎጣ ተጠቅልሎ ከረዳቱ ጭን ላይ ዋለ።
«ጊቤን ተሻገራችሁ?» ብዬ ስደውል ለአምስተኛ ጊዜ፣
«ሙሽራ ነው እንዴ የጫንነው?» አለኝ፣ «ምነው ይህ ሁሉ አባዜ!»
መናኸሪያው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ጃኬቴን ለእሱ አለበስኩት።
ሳምንት አሳለኝ።
እሱን አላሳለውም።

ቤት ገብቼ ብለካው
ከዴሉ ሆድ በሁለት ጣት ይረዝማል።
ሁለት ጣት!
ደብተሩ ላይ ለሁለት ጣት የተያዘ በጀት የለም።

አጎቴ ሙዘይን ኮቺ በርጩማ ይጠርባል፣
ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ፣ ያለ ምስማር።
ካርዱን በስንዝሩ ለካ፣ እንደ ዓሣ ገለበጠው፣
«ይተነፍሳል?» አለኝ።
«ካልተነፈሰ ይቃጠላል።»
«እንግዲያው መስኮት ይሻል» ብሎ መሮውን አነሳ።
ከተረፈ ዋንዛ ሳጥን ወጣ፣ ጎኑ በቀዳዳ የተጠለፈ፤
ዋጋውን ስጠይቅ መጋዙን ሞረደ፣ ያልሰማ መስሎ አለፈ።

ቅዳሜ ማታ ገጣጠምኩ።
ሁለት ብሎን ጎደለኝ፤ ከእናቴ ሬዲዮ ተበደርኩ፣ አታውቅም።
ማብሪያውን ስጫን፦ ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።
ስክሪኑ ጥቁር፣ አፌ ደረቅ፣ ልቤም ጢጥ።
ሂክማ፣ የሰባተኛ ክፍሏ እህቴ፣ ከቦርሳዋ ላጲስ አወጣች፣
የራሙን የወርቅ ጥርስ እንደ ስህተት መልስ ፈተገች።
እንደገና ስጫን ፋኑ ተነፈሰ፣ ብርሃን መጣ፣ ፊደል ወጣ፣
እና መብራት ጠፋ።

ሰፈሩ ሁሉ በአንድ አፍ «ኤጭ!» አለ።
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ብቻ።
በጨለማው ውስጥ የአጎቴ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፦
«እኔ የቆረጥኩት ነገር ይኖር ይሆን?»

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ተመለሰ።
መሪውን ለእሱ ሰጠሁት፣ ኪቦርዱን ማለቴ ነው።
ዕድሜ ልኩን እንጨት በጀርባው፣ በአህያ፣ በሰው መኪና ያመላለሰ
ግንድ የጫነ ተሳቢ ይዞ ወጣ፣
በሴኮንድ ሃያ አራት ምስል፣ እየተንገጫገጨ።
«እንደኛው መንገድ ነው» አለ፣ «ይቆራረጣል።»
አጥር ጣሰ። ላም ሳተ። ወንዝ ገባ።
ወንዙን ይቅርታ ጠየቀ።

እኔ ደብተሩን ከፈትኩ፦
ዕዳ፣ ለእቁብ ሰባት መቶ ብር፤
ለሂክማ አንድ ላጲስ፤ ለእናቴ ሁለት ብሎን።
ሳጥኑን በመዳፌ ነካሁት። ሞቋል።
ዋንዛ ሲሞቅ ይሸታል ለካ፣ ማንም አልነገረኝም።
ሌሊቱ ሊጋመስ ነው፣ ሂክማ ወንበሯ ላይ ተኝታለች፣
አጎቴ ገና ከወንዙ አልወጣም።